ባልቲሞር ወደቡ ዳር፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ የሚኖር ሐበሻ ባልቲሞርን የሚያውቃት በአንድ ጉዳይ ነው፤ በኢሚግሬሽን። ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል፣ የዜግነት ቃለ መጠይቁን ያደርጋል፣ ትንሿን ባንዲራ ይዞ ፎቶ ይነሳል፣ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያኔ ቢሮው መሀል ከተማ ነበር። ቃለ መጠይቁ ቶሎ አለቀና ባቡሬ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ተረፈኝ። ዝም ብዬ ቁልቁል ስወርድ መንገዱ አለቀና ውሃው ፊቴ ድቅን አለ። ከረቫት እንዳሰርኩ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ባቡሩም አመለጠኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ እወስዳለሁ። ዲሲ ያሉ ጓደኞቼ ለስብሰባ ሲሄዱ ይደውሉልኛል። ጥያቄው ሁሌ ያው ስለሆነ እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዋጋና ሰዓት ይቀያየራልና ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አረጋግጡ።

ከሁሉ በፊት፦ ባልቲሞር ሰላም ናት ወይ?

ሁሉም የሚጀምረው በዚህ ነው፤ አልፈርድም። ከ2015 እስከ 2022 ድረስ በየዓመቱ ከ300 በላይ ሰው ተገድሎባታል። ዜናው የሚያወራው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው ያልሰማው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በ2023 ቁጥሩ ወደ 262 ወረደ፣ በ2024 ደግሞ ወደ 201። ወረደ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

የከተማዋን አቀማመጥ ማወቅ ይጠቅማል። ገንዘቡ ያለው ውሃው ዳርና ከዚያ ወደ ሰሜን በሚወጣው መሀል መስመር ላይ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል መስኮታቸው በጣውላ የተመታ፣ ግድግዳ የሚጋሩ የጡብ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል። በባቡር ስትገቡ ታዩዋቸዋላችሁ። ወደቡ ዳር ቀን ላይ የሚሄድ ሰው ልጆቹን ይዞ እንደማንኛውም ከተማ ይንሸራሸራል። ማታ ሰው ካለበት መንገድ አትራቁ። የማታውቁት ሰፈር ውስጥ በእግር አቋራጭ አትፈልጉ።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ መኪና ውስጥ ቦርሳ ትታችሁ አትውረዱ። ባዶ ፌስታል እንኳ ቢሆን። እኔ የጂም ልብሴን ወንበር ላይ ትቼ ስመለስ መስታወቱ አስፋልቱ ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ሌባው ያገኘው ካልሲ ነው፤ እኔ ግን የመስታወት ከፈልኩ።

“ታደሰች” የምትባለው ምኗ ነው?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

ባልቲሞር በ1729 የተመሠረተች የወደብ ከተማ ናት። በ1904 የተነሳው እሳት መሀል ከተማውን በልቶ ከ1,500 በላይ ሕንፃ አወደመ። ከዚያ ተነሳች። መርከብ ሠራች፣ ብረት አቀለጠች። በ1950 ሕዝቧ 950 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። በ2020 ቆጠራ ግን 585 ሺህ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በሰባ ዓመት ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱ ሄደ ማለት ነው። ፋብሪካ ተዘጋ፤ አቅም ያለው፣ በተለይም ነጩ ነዋሪ፣ ወደ ከተማ ዳርቻ ወጣ። ኮንቴይነር የሚባል ነገር ሲመጣ ደግሞ መርከቦቹ ገዘፉ። ሰፊ ሜዳና ጥልቅ ውሃ ፈልገው ከመሀል ከተማው ወደ ታች ወረዱ። ኢነር ሃርበር የሚባለው የመሀል ወደብ የበሰበሰ ጣውላና ባዶ መጋዘን ይዞ ቀረ።

የማደሱ ዕቅድ የወጣው በ1964 ነው። ልቡን ሰጥቶ የገፋው ከ1971 እስከ 1987 ከንቲባ የነበረው ዊልያም ዶናልድ ሼፈር ነው። ስለ እሱ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ትልቁ የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያ፣ ናሽናል አኳሪየም፣ በተባለው ቀን አልደርስ አለ። ሼፈር ካልደረሰ አቆስጣ (ሲል) የሚባሉት የባሕር እንስሳት ገንዳ ውስጥ እገባለሁ ብሎ ነበር። ቃሉን ጠበቀ። በ1981 ሐምሌ ላይ የድሮ ዘመን ባለ መስመር የዋና ልብስ ለብሶ፣ የፕላስቲክ ዳክዬ ታቅፎ ጋዜጠኞች እያዩት ገባ። አኳሪየሙ በወሩ ተከፈተ። ፎቶው አገሩን አዳረሰ። ከተማው በነጻ ያገኘው ማስታወቂያ ነው። የኛ አገር ከንቲባ ይህን ሲያደርግ ለማሰብ ሞክሬ አልቻልኩም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1980 ሐምሌ፣ ሃርበርፕሌስ የሚባሉት ሁለት የገበያ አዳራሾች ውሃው ዳር ተከፍተው ነበር። ገንቢው የጄምስ ራውስ ኩባንያ ነው። ዓለም ተንጋግቶ መጣ። አሠራሩ ሲድኒ ድረስ ተቀድቷል። ወደብ ሲሞት ሱቅና ሙዚየም አድርገህ አስነሳው የሚለው ሐሳብ ሲነሳ መጀመሪያ ከሚጠሩት ከተሞች አንዷ ባልቲሞር ናት።

ታዲያ ዛሬ ሄዳችሁ እነዚያን አዳራሾች ብታዩ ታዝናላችሁ። ሱቁ አንድ በአንድ ወጣ። በ2019 ፍርድ ቤት የንብረት አስተዳዳሪ ሾመበት። በ2022 አዲስ ባለቤት ገዛው። በ2024 ኅዳር ላይ የከተማው ሕዝብ በድምፁ መኖሪያ ፎቆች እንዲሠሩበት ፈቀደ። “የሁላችን የሆነውን የውሃ ዳር ለሀብታም አፓርታማ ሰጣችሁት” ብለው የተከራከሩ ብዙ ነበሩ። እኔ በሁለቱም ወገን እውነት ይታየኛል። ባዶ አዳራሽ ማንንም አይጠቅም፤ ውሃው ዳር በሊፍት የሚወጣ ጎረቤት ሲኖር ደግሞ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ የምታይበት ዓይን ይለወጣል።

ስለዚህ የመታደሱ ነገር በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። አንዴ ታድሶ፣ አርጅቶ፣ አሁን ሁለተኛ እየታደሰ ነው። የታደሰውም ቀጭን ጥብጣብ ነው፤ ከውሃው ትንሽ ራቅ ስትሉ ያልቃል። ጥብጣቡ ያምራል። ግን እሱን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ባልቲሞርን አየሁ ባይል ይሻላል።

ከዲሲ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ እንዴት ልሂድ?

ከዲሲ 40 ማይል ገደማ ነው። ማርክ የሚባለው ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የፔን መስመር ከዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ በኒው ካሮልተንና በቢደብልዩአይ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ባልቲሞር ፔን ስቴሽን ይደርሳል። አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ ቅዳሜና እሁድም አለ። ጣቢያው ግን ውሃው ዳር አይደለም። ከዚያ ሐምራዊውን ሰርኩሌተር አውቶቡስ ያዙ። ነጻ ነው። ማውንት ቨርነን በሚባለው ሰፈር በኩል አድርጎ ወደቡ ዘንድ ያወርዳችኋል።

የካምደን መስመር የሚያወርደው ካምደን ያርድስ የሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም ሥር ነው። ከዚያ ውሃው የአሥር ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ችግሩ በሥራ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣውም ለሠራተኛ በሚመች ሰዓት ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚቆመው ማርክ ሌላ መስመር ነው፤ ባልቲሞር አይሄድም። አንድ ዘመዴ “ማርክ ማርክ ነው” ብሎ ሊሳፈር ሲል ደርሼበታለሁ።

በመኪና ከሆነ በ95 ወይም በ295 አውራ ጎዳና ነው። መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውድ ስለሆነ በስልክ መተግበሪያ አስቀድማችሁ ያዙ። በ83 መንገድ የምትገቡ ደግሞ የፍጥነት ካሜራ አለ፤ ወረቀቱ በፖስታ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ይዞ ከሆነ የሚያርፈው ደለስ ነው፤ ቨርጂኒያ። ከዚያ ባልቲሞር በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ በትራፊክ ሰዓት ሁለትም ሊሆን ይችላል። ከሌላ የአሜሪካ ከተማ ለምትመጡ ቢደብልዩአይ ይሻላል። ቀላሉ ባቡር፣ ላይት ሬይል፣ ከተርሚናሉ ሥር ተነስቶ መሀል ከተማ ያደርሳል። ዋጋው የከተማ አውቶቡስ ዋጋ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ምን ልይ?

ጠዋት ፌደራል ሂል ውጡ። ኮረብታ ሲባል እንጦጦ እንዳትጠብቁ፤ ደረጃው ትንፋሽ አያስቆርጥም። ግን ወደቡ በሙሉ እግራችሁ ሥር ይተኛል። በስተቀኝ በኩል ዶሚኖ ሹገርስ የሚል ትልቅ ጽሑፍ ታያላችሁ። ከ1922 ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚሠራ የስኳር ፋብሪካ ነው። ያልተጣራ ስኳር የጫነ መርከብ አጠገቡ ቆሞ ክሬን እየዛቀ ሲያወርድለት አይቻለሁ። ነፋሱ ወደ እናንተ ከሆነ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ እናቴ ለዳቦ ቆሎ ስታዘጋጅ ቤቱ እንደሚሸተው። እኔ ባልቲሞርን የወደድኳት በዚህ ነው። ብዙ የታደሰ ወደብ መልሕቅ ሐውልት አድርጎ ያቆማል፤ ሥራው ግን ሄዷል። እዚህ ሥራው አሁንም አለ።

ከኮረብታው ስትወርዱ በውሃው ዳር ዙሩ። ኮንስቴሌሽን የሚባለው ባለ ሸራ የጦር መርከብ በ1854 የተሠራ ነው። ከሱ ራቅ ብሎ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ አለ። ረጅም ሰው ከሆናችሁ ሰርጓጁ ውስጥ ግንባራችሁን ጠብቁ።

ቀጥላችሁ ወደ ፌልስ ፖይንት ተራመዱ። ሠላሳ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መንገድ ላይ ሃርበር ፖይንት የሚባል አብረቅራቂ ፎቆች የበዙበት ቦታ ታልፋላችሁ። ድሮ የክሮሚየም ፋብሪካ ነበር። የተመረዘውን አፈር በክዳን አሽገው ነው ላዩ ላይ የገነቡበት። ፌልስ ፖይንት ግን የድሮው እንዳለ ነው፤ መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ፣ ቤቱ አጭር፣ መጠጥ ቤቱ ብዙ። ሂል ጫማ አይሆንም።

ይህ ሰፈር የተረፈው በትግል ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሰፊ አውራ ጎዳና በሰፈሩ ላይ ሊያሳልፉበት ነበር። ነዋሪው ተነሳ። ከመሪዎቹ አንዷ ባርባራ ሚኩልስኪ የምትባል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበረች። መንገዱ ቀረ፤ እሷም በኋላ የሜሪላንድ ሴናተር ሆነች። ፍሬደሪክ ዳግላስም በባርነት ዘመኑ እዚሁ ሰፈር የመርከብ ስንጥቅ እየደፈነ ይሠራ ነበር። በ1838 የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ተውሶ፣ በባቡር አመለጠ። በሰው ወረቀት መንገድ የጀመረ ሰው ታሪክ ለኛ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ቀን ከተረፋችሁ ፎርት መክሄንሪ ሂዱ። በ1814 እንግሊዞች 25 ሰዓት የደበደቡትና ያልወደቀው ምሽግ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የተጻፈው ያንን ሌሊት ተከትሎ ነው። ለዜግነት ፈተና “መዝሙሩ ምን ይባላል” የሚለውን ያጠና ሁሉ እዚያ ቆሞ ቢያየው ደስ ይለዋል። በሙቀቱ ወራት የውሃ ታክሲ ይሄዳል። ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፉትን ትላልቅ መርከቦች ማየት ይቻላል።

ከልጆች ጋር ነኝ። አኳሪየሙ ዋጋውን ያህላል?

የአዋቂ ትኬት 50 ዶላር አካባቢ ነው። አራት ሆናችሁ ስትሄዱ ኪስ ይነካል። እውነቱን ለመናገር ልጆቼ ሻርኩን ለሁለት ደቂቃ፣ አሳንሰር ደረጃውን ለሃያ ደቂቃ ነው ያዩት። ቢሆንም የዝናብ ደኑ አዳራሽ ውስጥ ወፍ ራሳቸው ላይ ሲበር ያሳዩት ፊት አይረሳኝም። አንዴ ሂዱ። ትኬቱ በሰዓት የተከፈለ ነው፤ ከቤት ግዙ።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ አኳሪየሙ በ2024 ደጁ ላይ የከፈተው ተንሳፋፊ ረግረግ አለ፤ ነጻ ነው። ልጆች ደግሞ ሚስተር ትራሽ ዊል የሚባለውን ይወዱታል። ከ2014 ጀምሮ ከወንዝ ወደ ወደቡ የሚገባውን ቆሻሻ የሚለቅም፣ በውሃና በፀሐይ ኃይል የሚሽከረከር ማሽን ነው። ትላልቅ የአሻንጉሊት ዓይን ገጥመውለታል። ጠርሙስና ፌስታል ሲውጥ ቆሞ የማያይ ልጅ የለም። ውሃው ተሻሽሎ በ2024 ሰኔ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ ተቋርጦ የነበረው የሕዝብ ዋና በአንድ ቀን ዝግጅት ተካሂዷል። እኔ አልገባሁም። አልገባምም።

ሸርጣን ግድ ነው?

ባልቲሞር ሄዶ ሸርጣን አለመብላት ደብረ ዘይት ሄዶ ሐይቁን አለማየት ነው ይሉኛል ፈረንጅ ጓደኞቼ። ማለት የፈለጉት ይኼን ነው፤ ምሳሌው የኔ ነው። ጠረጴዛው በወረቀት ይሸፈናል፣ የተቀቀለው ሸርጣን ክምር ይደረጋል፣ ለእያንዳንዱ የእንጨት መዶሻ ይሰጣል። ከዚያ ቀጥቅጦ መብላት ነው። ከላይ የሚነሰነሰው ኦልድ ቤይ የሚባል ቅመም ነው። የፈጠረው ጉስታቭ ብሩን የተባለ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባ ስደተኛ ነው፤ ዘመኑ 1939። ፈረንጁ ያቃጥላል ይላል። በሚጥሚጣ ላደገ ምላስ ጨው ነው።

ነገር ግን ብዙዎቻችን ሸርጣን አንነካም። ኦርቶዶክሱ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ አይበላም፤ ከሙስሊሙም የማይበላው አለ። ማንም አያስገድዳችሁም። ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ ጠይቁ፤ የሜሪላንድ የክብር ዓሣ ነው። ክራብ ኬክ የሚባለውም፣ ስሙ ኬክ ቢሆንም፣ ሸርጣን ነው። እናቴ በጾም መፍቻ ማግስት ኬክ መስሏት አዝዛ ነበር። ከገበያ ቦታ ሌክሲንግተን ማርኬት ሂዱ። ከ1782 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሕንፃው ግን አዲስ ነው። እንጀራ ለናፈቃችሁ ማውንት ቨርነን አካባቢ የሐበሻ ቤት አይጠፋም።

የኢትዮጵያ ቅርስ ያለበት ሙዚየም አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ከአኳሪየሙ በፊት ነው የምልካችሁ። ዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይባላል፤ ማውንት ቨርነን ላይ ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ስብስቦች አንዱ እዚህ ይገኛል፤ የብራና ወንጌል፣ የማርያም ሥዕል፣ የዑደት መስቀል። ከ2023 ታኅሣሥ እስከ 2024 መጋቢት ትልቅ የኢትዮጵያ ዐውደ ርእይ አዘጋጅተው ነበር። ያኔ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት መስታወቱ ፊት ቆመው ሲሳለሙ አየሁ። ጠባቂው ቀረብ አለና ምን እንደሚያደርጉ ሲገባው ወደ ኋላ ሄደ። ሁሉም ዕቃ ሁልጊዜ ለእይታ አይወጣም። ምን እንዳወጡ ስትገቡ ጠይቁ።

ድልድዩ የወደቀው እዚህ ነው አይደል? መንገድ ይዘጋል?

አዎ። በ2024 መጋቢት 26 ሌሊት ዳሊ የሚባል የኮንቴይነር መርከብ ኃይል ጠፍቶበት የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን ምሰሶ መታ። ድልድዩ በሰከንዶች ውስጥ ወደቀ። ሌሊት የአስፋልቱን ቀዳዳ ሲደፍኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ሁሉም ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ያን ሰሞን የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሐበሻ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር።

የመርከብ መስመሩ በሰኔ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ድልድዩ ገና ነው፤ እንደገና መሥራቱ ዓመታት ይወስዳል። ለጎብኚ ይህን ያህል ችግር የለውም፤ ኢነር ሃርበር ከቦታው ራቅ ይላል። ትራክ ለምትነዱ ግን ለውጥ አለው። ተቀጣጣይና አደገኛ ጭነት በሁለቱ የውሃ ሥር ዋሻዎች ማለፍ አይችልም። በ695 በምዕራብ በኩል መዞር ነው። ዋሻዎቹ ቶል አላቸው።

ለሥራ ነው የምሄደው። ምን ልወቅ?

ስብሰባ ከሆነ ቦታው ብዙ ጊዜ የባልቲሞር ኮንቬንሽን ሴንተር ነው፤ በ1979 የተከፈተው። ጥሩነቱ ሁሉም ነገር በእግር መሆኑ ነው። ላይት ሬይሉ ደጁ ላይ ያወርዳል፤ ውሃው ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ከስብሰባ ሾልኮ ለመውጣት እንዲህ የሚመች አዳራሽ አላየሁም። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሆነ ካምደን ያርድስ ላይ ጨዋታ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ቤዝቦል ባታውቁም በ1992 የተሠራው ስታዲየም ያምራል፤ የድሮውን ረጅም የባቡር መጋዘን ሳያፈርሱ ከጎኑ ነው የሠሩት። በጨዋታ ቀን ግን የሆቴልና የፓርኪንግ ዋጋ ይሰቀላል።

የዕቃ ንግድ ላይ ያላችሁ ደግሞ የምትጠይቁኝ ስለ እውነተኛው ወደብ ነው። ባልቲሞር እስከ 2023 ድረስ ለዓመታት በመኪና ጭነት ከአሜሪካ ወደቦች ቀዳሚ ነበረች። በ2023 ብቻ ከ847 ሺህ በላይ መኪና ገብቶ ወጥቶባታል። ኮንቴይነሩ ሲገርት በሚባለው ተርሚናል፣ ተሽከርካሪና ማሽኑ በብዛት ደንዶክ በሚባለው ነው። ዘው ብሎ መግባት የለም። ቱዊክ የሚባለው መታወቂያ ከሌላችሁ ያለው ሰው ነው አጅቦ የሚያስገባችሁ።

መኪና ወደ አገር ቤት ለመላክ የምታስቡ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የመኪናው ባለቤትነት ወረቀት ከመርከቡ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ለአሜሪካ ጉምሩክ መቅረብ አለበት። ወረቀቱ ባንክ እጅ ከሆነ ያለ ባንኩ ፈቃድ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች። “ጅቡቲ ይድረስ እንጂ ከዚያ እንጨርሳለን” የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ።

ክሩዝ ከባልቲሞር ይነሳል ይባላል። እንዴት ነው?

ይነሳል፤ ሎከስት ፖይንት ከሚባለው ተርሚናል፣ ወደ ባሃማስና ቤርሙዳ። ወደ ፍሎሪዳ ሳይበሩ መሳፈሩ ምቹ ነው። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ወገኖች ግን ስሙኝ። ክሩዝ መዝናኛ ቢመስልም ከአገር መውጣት ነው። ጠበቃ ሳታማክሩ አትሳፈሩ። በነገራችን ላይ ይኸው ሎከስት ፖይንት በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽና ከዚያ በኋላ ከአውሮፓ በመርከብ የመጡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች የወረዱበት ነው።

መቼ ልሂድ? ልደር ወይስ ልመለስ?

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ከዚያ መስከረምና ጥቅምት። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሸሚዝ ያጣብቃል፤ ጥር ላይ የውሃው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል።

ለማደር ኢነር ሃርበር ለስብሰባ ይመቻል፤ ማታ ግን ጭር ይላል። መዝናናት ከሆነ ፌልስ ፖይንት ይሻላል፤ ቅዳሜ ሌሊት ጩኸት እንዳለው እያወቃችሁ። የምትመለሱ ከሆናችሁም የመጀመሪያውን ባቡር አትያዙ። ሲመሽ ፌደራል ሂል ተመለሱና የስኳር ፋብሪካው ቀይ መብራት እስኪበራ ጠብቁ። ጽሑፉ ከ1951 ጀምሮ በኒዮን ነበር የሚበራው፤ በ2021 አውርደው በኤልኢዲ ቀየሩት። መልኩ ያው ነው። በፊደሎቹ ቅርጽ ቀይ ሆኖ ውሃው ላይ ይወርዳል፤ ጀልባ ሲያልፍ ይበጣጠሳል፣ መልሶ ይገጥማል። የፔን መስመር የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ኮረብታው ላይ ሳትቀመጡ እዩ። እኔ ሁለቴ አምልጦኛል።